ያረጀ ስልክና አዲስ መተግበሪያ፦ ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ አርሶ አደሩ ደጃፍ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አጠና ተራ፣ ጠዋት የሚጀምረው በእንጨት ድምፅ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና ከጭነት መኪና ይራገፋል፤ በውፍረቱና በቁመቱ ይለያል፤ ቤት ለሚሠራና አጥር ለሚያጥር ገዢ ይቆጠራል። ቀድሞ ከዚህ ቆጠራ በኋላ የሚከተለው የብር ኖት ቆጠራ ነበር። ዛሬ ሻጭና ገዢ ስልካቸውን አውጥተው ጎን ለጎን ይቆማሉ።

ባለፈው ሰሞን በዚያው አካባቢ በአንድ ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ተራዬን ስጠብቅ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንድ አርሶ አደር ገቡ። አጠናቸውን ሸጠዋል። ገዢው ገንዘቡን በስልክ ልኮላቸው መድረሱን የሚገልጸው አጭር መልእክትም መጥቶላቸዋል። ገንዘቡን አውጥተው ወደ አገራቸው ለመመለስ መተግበሪያውን ሲከፍቱት ግን «አዲሱን ቅጂ ጫኑ» አላቸው። ለመጫን ሲሞክሩ ደግሞ ስልኩ «ቦታ የለኝም» አለ። ስልኩ ልጃቸው ከዓመታት በፊት ያገለገለ ገዝቶ የሰጣቸው ነው። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ባትሪው ግን ደኅና ነው፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ለደዋይና ለተደዋይ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው የዘመኑን መተግበሪያ የመሸከም አቅም ነው።

ጠጋኙ ወጣት ሁለት መፍትሔ አቀረበ፦ አንደኛው ስልኩን መቀየር፣ ሁለተኛው ከራሱ ኮምፒውተር ላይ «የሚሠራ ቅጂ» መጫን። አርሶ አደሩ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምተው ዝም አሉ። ወደ ሁለተኛው ሊያዘነብሉ ሲሉ፣ ለሱቁ ሠራተኞች ሻይ ይዛ የገባች ሴት በቁልፍ ስልኳ ዘወትር የምትጠቀምበትን አጭር ቁጥር ነገረቻቸው። ቁጥሩን ነክተው፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን አስገብተው፣ ገንዘባቸውን በዓይናቸው አዩ። ከሱቁ አጠገብ ካለ ወኪልም አወጡት። ገንዘቡ ያለ መተግበሪያው ሊገኝ የሚችል ነበር፤ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገራቸው ሰው ግን እስከዚያች ደቂቃ አልነበረም።

ይህ ትንሽ ክስተት በከተማም በገጠርም በየቀኑ የሚደገም ትልቅ ጥያቄ ይዟል። አገልግሎቶች ወደ ስልክ እየገቡ ነው፤ ስልኮቹ ግን በአገልግሎቶቹ ፍጥነት አይታደሱም። በመካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ማን ይሸፍነዋል?

አገልግሎቱ ወደ ስልክ የገባበት መንገድ

ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ከግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲፈጸም ተደረገ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤምፔሳን ይዞ ገበያውን ተቀላቀለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ የፋይዳ ምዝገባ በየአካባቢው ተስፋፋ። ባንኮች በየፊናቸው የሞባይል መተግበሪያ አወጡ። ይህ ሁሉ በ2012 ዓ.ም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ከጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ጋር የሚሄድ ነው።

ለውጡ ለአርሶ አደሩም ለከተማ ነዋሪውም ጥቅም አለው። ገንዘብ በኪስ ይዞ መንገድ መሄድ ይቀራል፤ ለአንድ ክፍያ ግማሽ ቀን መሰለፍ ይቀንሳል። ኮልፌ ቀራንዮ ይህ ለውጥ በግልጽ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ክፍለ ከተማው የአዲስ አበባ የምዕራብ በር ነው። በአየር ጤና በኩል ወደ ዓለም ገናና ወደ ጅማ፣ በአስኮ አቅጣጫ ደግሞ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሆለታና ወደ አምቦ መንገዱ ይወጣል። ከገጠር ምርት ይዞ የሚገባውና ከከተማ ዕቃ ገዝቶ የሚመለሰው እዚህ ይገናኛል። የገጠሩ ስልክም የከተማው ስልክም ሲታመም የሚታየው በእነዚሁ ትንንሽ ሱቆች ነው። ገበያው «ስላሽ» የሚላቸው ከውጭ የገቡ ያገለገሉ ስልኮችም የሚሸጡት እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነው፤ አንዱ ተጠቅሞ የተወውን ስልክ ሌላው እንደ አዲስ ይጀምረዋል።

ያረጀ ስልክ መተግበሪያ የሚመልሰው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ስልኩ መተግበሪያ አልጭን ሲለው «ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። ብዙ ጊዜ ግን ስልኩ አልተበላሸም። ምክንያቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ስለሆነ ለይቶ ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

የመጀመሪያው ምክንያት የአንድሮይድ ደረጃ ነው። አብዛኛው ሰው የሚይዘው ስልክ አንድሮይድ በተባለ ሥርዓት የሚመራ ሲሆን፣ ሥርዓቱ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ያወጣል። አንድሮይድ 4.4 የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነበር። ጎግል ለዚህ ደረጃ የሚሰጠውን የፕሌይ አገልግሎት ማሻሻያ በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ዋትስአፕም አንድሮይድ 4.4 እና ከዚያ በታች የሆኑ ስልኮችን ማገልገል ትቷል። የመተግበሪያ ባለቤቶች አንድን ደረጃ ሲተዉ ስልኩ በአካሉ ምንም ሳይሆን ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። የስልክዎን ደረጃ ለማወቅ «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው «አባውት ፎን» የሚለውን ይክፈቱ፤ «አንድሮይድ ቨርዥን» ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር እርሱ ነው። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ወደ ጥገና ሱቅ መሄድ የማሳን ስፋት ሳያውቁ ማዳበሪያ እንደመግዛት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የማከማቻ ቦታ ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ስልክ ተብሎ የሚሸጠው ሙሉ 8 ጊጋባይቱን ለባለቤቱ አይሰጥም፤ ሥርዓቱ ራሱ ብዙውን ይይዛል። የቀረውን ፎቶ፣ ቪዲዮና በቴሌግራም የወረደ ፋይል ይሞላዋል። መተግበሪያ በሚጫንበት ጊዜ ደግሞ ከራሱ ክብደት በላይ ትርፍ ቦታ ይፈልጋል፤ የወረደው ፋይል መፈታትና መደርደር አለበትና። ስለዚህ ስልኩ 100 ሜጋባይት ባዶ ቦታ እያለው 60 ሜጋባይት የሚመዝን መተግበሪያ አልጭንም ሊል ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙዎች የማይጠረጥሩት ነው፤ የስልኩ ቀን። እኔ ይህን የተማርሁት በኮሌጅ ሳይሆን በአባቴ ስልክ ነው። ባትሪው ወጥቶ ሲመለስ ቀኑ ይጠፋበታል፤ አባቴም እንደ ልማዳችን የኢትዮጵያን ዘመን ያስገቡበታል። ስልኩ ግን የሚያውቀው የጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው። 2018 ብለው ሲያስገቡ ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት ያለ መስሎት ይቀመጣል። እያንዳንዱ አስተማማኝ ድረ ገጽና የገንዘብ መተግበሪያ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል ሰርተፍኬት አለው፤ ሰርተፍኬቱም የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ቀኑ የኋሊት የሄደ ስልክ ትናንት የተሰጠውን ሰርተፍኬት «ገና ያልጸና» ነው ብሎ ይመልሰዋል። ውጤቱም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል መልእክት ወይም መንቀሳቀስ ያቆመ መተግበሪያ ነው። መድኃኒቱ ግን ሳንቲም አይጠይቅም፦ በ«ሴቲንግ» ውስጥ ቀንና ሰዓት በኔትወርኩ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ። የኢትዮጵያን ቀን ማየት የሚፈልግ ለብቻው የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ መጫን ይችላል።

ቀኑ ትክክል ሆኖም ድረ ገጽ የማይከፍቱ ስልኮች አሉ። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለውና ለብዙ የዓለም ድረ ገጾች በነፃ ሰርተፍኬት የሚሰጠው ድርጅት የሚጠቀምበትን መሠረታዊ ሰርተፍኬት ከአንድሮይድ 7.1.1 በታች ያሉ ስልኮች አያውቁትም። እስከ መስከረም 30 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ በሌላ የቆየ ሰርተፍኬት ዋስትና ይታለፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ያ ዋስትና አብቅቷል። ትናንት የተከፈተ ገጽ ዛሬ አልከፈት ያለው ሰው በኢንተርኔት ጥቅሉ ላይ ማማረር የለበትም፤ ችግሩ ከዚህ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው ምክንያት የመተግበሪያው አመጣጥ ነው። በአገራችን መተግበሪያን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደርና በመሰል መንገዶች መቀባበል የተለመደ ነው። ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ይህ ብልኃት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጎግል ፕሌይ ላይ የሚወጡ አዳዲስ መተግበሪያዎች ለእያንዳንዱ ስልክ የሚስማማው ክፍል ብቻ ተለይቶ እንዲወርድ ሆነው ይዘጋጃሉ። ከአዲስ ስልክ የተቀዳ መተግበሪያ አሮጌው ላይ «አልተጫነም» የሚለው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ እንደመልበስ ነው።

«የሚሠራ ቅጂ» ምን ያስከፍላል?

ኦፊሴላዊው መንገድ ሲዘጋ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩ በጥገና ሱቅ ኮምፒውተር፣ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ቻናል የሚገኝ የመተግበሪያ ፋይል ነው። ለመጫንም ስልኩ «ካልታወቀ ምንጭ አትጫን» የሚለውን ጥበቃ እንዲያነሳ ይጠየቃል። ለሙዚቃ ማጫወቻ ወይም ለጨዋታ ጉዳቱ ቀላል ሊሆን ይችላል። ለገንዘብ መተግበሪያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መተግበሪያው በመልኩ ከእውነተኛው ጋር አንድ ሆኖ፣ የሚያስገቡትን ሚስጥር ቁጥር ለሌላ ሰው የሚያደርስ ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ ራሱ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ እርሱም ከሌላ ሰው የተቀበለው ነውና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ የአንድ ሰዓት ችግር ለመፍታት የተደረገ ችኮላ የአንድ ክረምት ምርት ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል።

አጠራጣሪ መተግበሪያን ለመለየት የሚጠይቀውን ፈቃድ መመልከት ይረዳል። የአየር ሁኔታ ወይም የገበያ ዋጋ የሚነግር መተግበሪያ አጭር የጽሑፍ መልእክት ለማንበብ ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ባንኮች የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት በአጭር መልእክት ነው፤ ያን ማንበብ የቻለ ደግሞ የበሩን ቁልፍ አገኘ ማለት ነው። «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለውን ፈቃድ የሚጠይቅም ከሆነ ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል፤ ይህ ፈቃድ ሌላው መተግበሪያ ላይ የሚታየውን ማየትና በባለቤቱ ፋንታ መንካት ያስችላል።

ሌላው አቋራጭ የስልኩን ውስጣዊ ጥበቃ ማፍረስ ወይም በሱቁ አነጋገር «ሩት ማድረግ» ነው። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥበቃው የፈረሰ ስልክ ለሌባ ክፍት ከመሆኑ በላይ ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች አንቀበለውም ይሉታል። ሊከፍቱት የፈለጉትን በር በራሳቸው እጅ ይዘጉታል።

ሳይታሰብ ስልክን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግ ሌላ ወጥመድም አለ። ስልኩ ሲከብድ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር በየሱቁ ይሰማል። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ባሉ ስልኮች ግን ስልኩ ተደምስሶ ሲነሳ ቀድሞ የነበረውን የጎግል መለያና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህም ስልክ ለሚሰርቁ ሰዎች የተዘረጋ መከላከያ ነው። በአገራችን ደግሞ የብዙ ሰው የጎግል መለያ የተከፈተው ስልኩ በተገዛበት ዕለት በሻጩ እጅ ነው፤ ባለቤቱ አድራሻውንም የይለፍ ቃሉንም አያውቅም። ስለዚህ ሐቀኛው ባለቤት ከሌባ ጋር እኩል ከስልኩ ውጭ ይቀራል። ስልክ ከመደምሰሱ በፊት መለያውን ማወቅ፣ ካልታወቀም ስልኩ ክፍት እያለ አዲስ መለያ ማስገባትና አሮጌውን ማውጣት ይቀድማል።

ባለው ስልክ ምን ማድረግ ይቻላል?

ስልክ ከመቀየር በፊት በቤት የሚሠሩ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ቀኑን ማስተካከል። ቀጥሎ ቦታ ማስለቀቅ፦ ፎቶና ቪዲዮን ወደ ሚሞሪ ካርድ ማዛወር፤ በቴሌግራም ውስጥ የተከማቸውን ፋይል ከ«ስቶሬጅ ዩሴጅ» ማጽዳት፤ ፋይል በራሱ እንዳይወርድ መከልከል። በቴሌግራም የጸዳ ፋይል በቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ በሌላ ቀን ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ማጽዳቱ አያስፈራም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ይባል። በ«አፕስ» ሥር አንድን መተግበሪያ ሲከፍቱ «ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው መተግበሪያው ለጊዜያዊ ሥራ ያጠራቀመውን ትርፍራፊ ብቻ ይጠርጋል፤ ጉዳት የለውም። ሁለተኛው ግን መተግበሪያውን እንደ አዲስ ባዶ ያደርገዋል፤ መግቢያው፣ የተቀመጠው መልእክትም ሊጠፋ ይችላል። አንዱ ግቢ መጥረግ ነው፤ ሌላው ጎተራ መገልበጥ።

መተግበሪያ ሲጭኑ መጀመሪያ በጎግል ፕሌይ መሞከር ይገባል። ባለቤቱ ከፈቀደ ፕሌይ ለአሮጌ ስልክ የሚስማማ የቆየ ቅጂ ሊያቀርብ ይችላል። የቀለለ ቅጂ ያላቸውንም መምረጥ ይጠቅማል፤ ፌስቡክ ላይት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለደካማ ስልክና ለቀጭን ኔትወርክ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ኦፔራ ሚኒ ደግሞ ገጾችን አጭቆ በማቅረብ የኢንተርኔት ፍጆታን ይቀንሳል። በአንድ ስልክ ላይ ሁሉንም መጫን አያስፈልግም፤ ማሳ ሁሉንም ዘር በአንድ ጊዜ እንደማይሸከም፣ አነስተኛ ስልክም ለዋናው ሥራ የሚያስፈልገውን ብቻ ይያዝ።

ስልክ ለጥገና ሲሰጥ ሲም ካርዱን አውጥቶ መያዝ ይገባል። ሚስጥር ቁጥር ለጠጋኝ፣ ለወኪል፣ «ከባንክ ነው» ብሎ ለሚደውል ሰውም አይነገርም። ባትሪው አብጦ የጀርባ ሽፋኑን የገፋ ስልክ ደግሞ ምንም ርካሽ ቢሆን ቻርጅ ላይ አይሰካም፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

ከመተግበሪያ ውጭ ያለው በር

በአጠና ተራ ያገኘኋቸውን አርሶ አደር ያዳነው አጭር ቁጥር ነው። ይህ መንገድ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ የማከማቻ ቦታ አይፈልግም፣ የአንድሮይድ ደረጃም አይጠይቅም። በቁልፍ ስልክም በዘመናዊ ስልክም እኩል ይሠራል። ቴሌብር በ*127#፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሞባይል ባንክ አገልግሎት በ*889#፣ ሲቢኢ ብር ደግሞ በ*847# ይገኛሉ። በእርግጥ ጉድለት አለው፤ ዘግይተው ከመለሱ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ምርጫዎቹ በቁጥር ስለሚዘረዘሩ ማንበብ ለማይችል ሰው ይከብዳል። ቢሆንም ስልኩ ላረጀበት ሰው የሚቀር የመጨረሻ በር ነውና ማወቅና በወረቀት ጽፎ መያዝ ይበጃል።

ለግብርና ምክር ደግሞ ከዚህ የቀለለ መንገድ ከተዘረጋ ቆይቷል። በ2006 ዓ.ም የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ 8028 የተባለውን የነፃ የስልክ መስመር ሲጀምር ዘመናዊ ስልክ በአርሶ አደሩ እጅ ብርቅ ነበር። አዘጋጆቹ የተነሡት አርሶ አደሩ በእጁ ከያዘው ስልክ ነው። ደዋዩ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ስለ መሬት ዝግጅት፣ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም የተቀዳ ምክር በድምፅ ያዳምጣል። ማንበብ አይጠበቅበትም። ማዘመንም የለም። ማሻሻያው የሚደረገው በማዕከሉ እንጂ በአርሶ አደሩ ስልክ ላይ አይደለም።

ይህ ልዩነት ለነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በመተግበሪያ የሚሰጥ አገልግሎት የማደሱን ሸክም በተጠቃሚው ትከሻ ላይ ያደርጋል፦ ስልኩን ይገዛል፣ ኢንተርኔቱን ይከፍላል፣ ቦታውን ያስለቅቃል። በድምፅና በአጭር ቁጥር የሚሰጠው ግን ሸክሙን በአገልግሎት ሰጪው ላይ ያስቀምጣል። የትኛው ይሻላል የሚለው የቴክኒክ ባለሙያ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ወጪውን ማን ይሸከም የሚል የፖሊሲ ጥያቄም ነው።

ከዝርያ ሙከራ የሚገኝ ትምህርት

በግብርና ኮሌጅ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ አዲስ ዝርያ ለአርሶ አደር የሚለቀቅበት ሥርዓት ነው። ተመራማሪው በጣቢያው ላይ ከፍተኛ ምርት ስላገኘ ብቻ ዝርያው አይለቀቅም። በተለያየ ሥነ ምህዳር፣ በምርምር ጣቢያም በአርሶ አደሩ ማሳም ተዘርቶ ይታያል፤ ገምጋሚዎችም በቦታው ያዩታል። ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ የተስፋፋው ከአንዱ ወላጁ ምርታማነትን፣ ከሌላው ደግሞ ገበያው የሚፈልገውን ነጭ ፍሬ በመያዙ ነው። ምርት ብቻውን አልበቃም፤ ተቀባዩ የሚፈልገውም ታይቷል።

መተግበሪያ ለሚሠሩና ለሚያዙ ተቋማት ይኸው ሥርዓት ቢበጅስ? አንድ የክፍያ ወይም የግብዓት መተግበሪያ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት በአዲስ ስልክ ላይ ብቻ ሳይሆን በኮልፌ ሱቆች ተጠግኖ በሚሸጠው ዓይነት ስልክ ላይ ይሞከር፤ ቦታ በሞላበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሁኔታ ይሞከር። የአንድሮይድ ደረጃ ከፍ የሚደረግ ከሆነ ከወራት በፊት በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች በአጭር መልእክት ይነገር። መተግበሪያው አልሠራም ሲል «አዘምኑ» ብሎ ከማቆም ይልቅ «በዚህ አጭር ቁጥር ይጠቀሙ» ብሎ መንገድ ያሳይ። በአጠና ተራ የጎደለችው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል የሌሎች አገሮች ልምድም ያሳያል። የኬንያው ኤምፔሳ በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረው በሲም ካርድ ላይ በተቀመጠ ቀላል ዝርዝር ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘውም በተራ ስልክ ነው። ሕንድ በዘመናዊ ስልክ የሚሠራውን የክፍያ ሥርዓቷን ካስፋፋች በኋላ በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ለቁልፍ ስልክ ባለቤቶች የሚሆን መንገድ ጨምራለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሰኔ 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምራቾች አንድን የስልክ ሞዴል ለገበያ ማቅረብ ካቆሙ በኋላ ቢያንስ ለአምስት ዓመት የሥርዓት ማሻሻያ እንዲሰጡ የሚያስገድድ ደንብ ተግባራዊ አድርጓል። ያገለገሉ ስልኮች ከውጭ የሚገቡባት አገራችን ከዚህ ደንብ በተዘዋዋሪ መጠቀሟ አይቀርም፤ ዛሬ እዚያ የሚሸጠው ስልክ ነገ እዚህ ሁለተኛ ባለቤት ያገኛልና።

በሌላ በኩል ተቋማቱ የሚያነሡት ተገቢ ክርክር አለ። አሮጌ የአንድሮይድ ደረጃ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ በእርሱ ላይ የገንዘብ መተግበሪያ እንዲሠራ መፍቀድ የደንበኛውን ገንዘብ ለአደጋ ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሰውየው ከኦፊሴላዊው መተግበሪያ ሲባረር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ፍላሽና ወደ ቴሌግራም ቻናል ይሄዳል። ደኅንነት ተብሎ የተዘጋው በር ሰውን ወደ ከፋው አደጋ ይገፋዋል። ስለዚህ መተግበሪያውን መዝጋት ግድ ሲሆን ሌላውን አስተማማኝ በር እስከ መጨረሻው ክፍት ማድረግና ማሳወቅ የደኅንነቱ ሥራ አካል ነው።

የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። አርሶ አደሩ ስለ ተባይ የሚጠይቃቸው እነርሱን ነው፤ ስለ ስልኩም መጠየቅ ጀምሯል። ለማኅበራትና ለዩኒየኖች በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የአንድ ሰዓት ትምህርት ቢጨመር፣ ማለትም የስልኩን ደረጃ ማወቅ፣ ቀን ማስተካከል፣ ቦታ ማስለቀቅ፣ አጭር ቁጥሮችን መጻፍና ሚስጥር ቁጥር መጠበቅ ቢካተት፣ ከብዙ ኪሳራ ያድናል። የጥገና ሱቆቹ ወጣቶችም እንደ ጠላት ሊታዩ አይገባም፤ ለብዙ ሰው ብቸኛ የስልክ አስተማሪዎች እነርሱ ናቸውና፣ ተቋማቱ ሥልጠና ቢሰጧቸው «የሚሠራ ቅጂ» ከመፈለግ ይልቅ ትክክለኛውን መንገድ ያሳያሉ።

አርሶ አደሩ ገንዘባቸውን ካወጡ በኋላ ወደ ጥገናው ሱቅ ተመልሰው መጡ። ስልኩን ለመቀየር አልነበረም። ሻይ ያቀረበችላቸው ሴት የነገረቻቸውን ቁጥር ጠጋኙ በወረቀት እንዲጽፍላቸው ጠየቁት። ወረቀቱን አጥፈው ከስልኩ ሽፋን ሥር አስገቡትና ወደ መኪናቸው ሄዱ። የሚቀጥለው አጠና ሲሸጥም የሚከፈላቸው በዚያው ስልክ ነው።